ይድረስ ለሮቢቱ ወንድሜ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል ወንድሜ? ልጆቹስ? እማማስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ድሮ ደብዳቤ ስንጽፍ "ካንተ ናፍቆት በስተቀር" ብለን ዝም ብለን እንደ ልማድ የምንጨምራት ነገር ነበረች አይደል፣ ዛሬ ግን ከልቤ ነው የምጽፋት። ሰባት ዓመት አለፈ እኮ። ቴሌግራም ላይ ፎቶህን ስትቀይር አያለሁ፣ ልጽፍልህ እጀምርና አጠፋዋለሁ፣ አንዴ እንደውም "እንዴት ነህ" ብዬ ልኬልህ ሳታየው አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ሙሉውን ሳልጨርስ አልነሳም ብዬ ቁጭ ብያለሁና ይረዝምብሃል፣ ታገሰኝ።

መጀመሪያ የከበደኝን ልናገረው። የጠፋሁብህ ተቀይሜህ አይደለም፣ አንተ ምንም አላደረግከኝም። የጠፋሁት ሲጃራ ስላቆምኩ ነው። አዎ አቁሜያለሁ፣ በ2010 ዐቢይ ጾም ላይ። ያን ዓመት ለፋሲካ እንኳን አደረሰህ ልትለኝ ስትደውል ስልኩ እጄ ላይ ነበር፣ ስምህን ሳየው አፌ ምራቅ ሞላ፣ ገና ድምጽህን ሳልሰማ እጄ ፓኮ ፍለጋ ኪሴ ገባ። ደነገጥኩ። አላነሳሁትም። በማግስቱም ደወልክ፣ አላነሳሁትም። ከዛ ወር ሲሞላ አሁን ምን ብዬ ልደውልለት ሆነ፣ ዓመት ሲሞላ ደግሞ እፍረቱ በላዬ ላይ ተቆለለ፣ በቃ እንደዛ ሆኖ ቀረ።

እስቲ አስበው፣ እኔና አንተ ሲጃራ የሌለበት ምን ትዝታ አለን? መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን ራሱ ጭስ ነበረበት። ከሮቢት ሙቀት መጥተህ ደብረ ብርሃን ያደርክ ጊዜ፣ የኅዳር ውርጭ ሳሩን ነጭ ያደረገበት ጠዋት ነበር፣ አፍህን ከፍተህ እንፋሎቱ ሲወጣ አይተህ "አፌ ጨሰ" ያልከው። እኛ የብርዱ ልጆች ከሕፃንነታችን ጀምሮ የስንዴ አገዳ በጣታችን ይዘን እንፋሎታችንን ቡን እያደረግን እንደ አጫሽ ስንጫወት ነው ያደግነው፣ አንተ ግን አዲስ ነገር ሆኖብህ ትምህርት ቤት እስክንደርስ ስትተነፍስ ነበር። በዓመቱ፣ በ1992 መሰለኝ፣ አስራ አንደኛ ክፍል ሆነን ስሙኒ ስሙኒ አዋጥተን ከበሬሳ ድልድይ ወረድ ብለን የመጀመሪያዋን ንያላ ለሁለት ያጨስናት። ጠዋት ስለነበር የቱ ጭስ የቱ ትንፋሻችን እንደሆነ አይለይም ነበር።

የሚገርመኝ ሁለታችንም ቅጠሉን ከማንም በላይ እናውቀው ነበር። ለእረፍት እናንተ ጋ ሮቢት ወርጄ አባባ ትምባሆ እርሻው ላይ ሲሰሩ አብረን የገባንበትን ቀን አልረሳውም። ቅጠሉ ከታች ከታች እየተለቀመ በዘንግ እየታሰረ ማድረቂያ ቤት ውስጥ ይሰቀላል፣ ከዛ ሳምንት ለሚያህል ጊዜ እሳቱ ቀስ በቀስ እየተጨመረለት አረንጓዴው እንደ ሎሚ ቢጫ ይሆናል፣ ሽታው ደግሞ ደስ የሚል ነው፣ ማር ማር የሚል። እኔ ጤዛው ሳይደርቅ ልለቅም ገብቼ ገና ቀትር ሳይሆን ራሴ ዞሮ ሲያስመልሰኝ የዋለውን ታስታውሳለህ? ያኔ የደጋ ልጅ ስለሆነ ፀሐይ መትቶት ነው ተባለ። አሁን ነው የገባኝ፣ ኒኮቲኑ በጤዛው ሟሙቶ በቆዳ ይገባል፣ ትምባሆ ለቃሚዎች ላይ የታወቀ በሽታ ነው። አንድ ፍሬ ሳላጨስ በእጄ ብቻ መርዞኝ ነበር ማለት ነው። የእጄ ሙጫ ጥቁር ሆኖ በሳሙና አልለቅ ብሎኝ እማማ በሎሚ ሲያሹልኝ አመሹ። አባባ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ትምባሆ ሲያደርቁ ኖረው አንዲት ቀን አፋቸው ላይ አድርገው አያውቁም፣ "ይሄን ከብት እንኳ አይነካውም ልጄ" ያሉኝን ሰምቼ ነው በሳምንቱ በሬሳ ወንዝ ዳር ያጨስኩት።

መቼም ከትልቅ ሰው ያልሰማነው ነገር አልነበረም። መንዝ ያለችው አያቴ ትምባሆ የአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ትል ነበር፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጨስ ከንፈሩን ሱረት የሚስብ አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር እየተባለም ይወራል። ይሄ ሁሉ ግን እኔን መደበቅ ነው ያስተማረኝ፣ መተው አላስተማረኝም። ትልቅ ሰው ሲመጣ የበራውን ጫፍ ወደ ውስጥ አዙረን መዳፋችን ውስጥ እንሸጉጠዋለን፣ እስካሁን ቀኝ መዳፌ ላይ ጠባሳው አለ፣ ጤና አዳም እያኘክን ቤት እንገባለን፣ እናት ደግሞ ሽታውን እያወቀች እንዳላወቀች ትሆናለች። እንደዛ ነው እኛ ጋ። ለሴት ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ ወንድ ሲያጨስ አመል ነው ይባላል ሴት ስታጨስ ስም ይወጣላታል፣ እሷ ሃራራዋን ለማን ነግራ እርዳታ ታገኛለች? እኔ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም።

ሲጋሯን አልረሳሁም። አዲስ አበባ ሰርግ ላይ ሰጡኝ ብለህ በሣጥን ያመጣሃትን የኩባ ሲጋር። ጣርማበር ዋሻው ጋ ወጥተን ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ሲመጣ እያየን ለኮስናት፣ ያ በደርግ ጊዜ ኩባ ሄዶ የተማረው ጎረቤታችን "ወደ ሳንባ እንዳትስቡ፣ አፋችሁ ውስጥ ብቻ አቆይታችሁ ልቀቁት" ብሎ ነግሮን እኛ እንደ ንያላ ሳብናት፣ ከዛ መኪናው ውስጥ ተኝተን ነው የዋልነው። አንተ ከዛ ቀን ጀምሮ "ሲጋር ሳንባ ስለማይገባ አይጎዳም፣ ሲጃራውን ትቼ በወር አንዴ ሲጋር ይሻለኛል" ስትል ነበር። አሁንም እንደዛ የምታስብ ከሆነ ልንገርህ፣ ኒኮቲኑ እኮ በአፍ ቆዳ በኩልም ይገባል ለዚህ ነው ሳይስቡትም የሚያረካው፣ አንዱ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኮ ሲጃራ ያህል ትምባሆ ሊኖረው ይችላል፣ አፍና ጉሮሮ ላይ ካንሰር ያመጣል። ይሄን የምልህ ልመክርህ አይደለም፣ አንተ ነገር አጣርተህ የምትወድ ሰው ስለሆንክ ነው።

እንዴት እንዳቆምኩ ለማንም አልነገርኩም። አባቴ ጥር 2009 ሲያርፍ መጥተህ ሰልስቱ እስኪወጣ አብረኸኝ ነበርክ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ስንት ፓኮ እንደጨረስን እግዜር ይወቀው። አንተ ከሄድክ በኋላ የአባቴን ጋቢ እኔ ወሰድኩት። ማታ ማታ ግቢ ውስጥ እሱን ተከናንቤ አጨሳለሁ፣ ብርዱን ታውቀዋለህ። ዓመቱን ሙሉ። ሙት ዓመቱን ባወጣን በሳምንቱ እናቴ "እስቲ ያንን የአባትህን ጋቢ አምጣልኝ" አለችኝ። ሰጠኋት። ፊቷን ውስጡ ቀብራ ብዙ ቆየች። ከዛ ቀስ ብላ አጣጥፋ መደቡ ላይ አስቀመጠችውና "የሱ ጠረን የለም" አለች። ሌላ ምንም አላለችም፣ አልተቆጣችም፣ ቀና ብላም አላየችኝ። ቡናዋን ልታፈላ ተነሳች።

ወንድሜ እኔ ፓኮው ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ስንት ዓመት አንብቤዋለሁ፣ አክታዬን አይቻለሁ፣ ዳገት ስወጣ ቆሜ አርፌያለሁ፣ ንስሐ አባቴ ለምነውኛል። አንዱም አላስቆመኝም። ጋቢው ግን፣ ቢታጠብ የሲጃራው ሽታ ይለቅ ይሆናል፣ የአባቴ ጠረን ግን ከየት ይመጣል? እናቴ አንድ የቀራትን ነገር ነው ያጨስኩባት። ከጥቂት ቀን በኋላ በቅበላ ማታ የመጨረሻዋን አጭሼ ገባሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አይነሱብኝ። እንቅልፍ የለም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መሥሪያ ቤት ሰው "እንደምን አደርክ" ሲለኝ ልጮህበት ይዳዳኛል። ሳሉ ደግሞ ካቆምኩ በኋላ ባሰብኝ፣ ይሄማ ጨረሰኝ ብዬ ጤና መኮንኑ ጋ ሄድኩ፣ ሳንባህ ራሱን እየጠረገ ነው አለኝ። አንድ ያስረዳኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም፣ የሲጃራው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደማችን ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከመጀመሪያውም ስስ ነው፣ ታዲያ እኛ ያችኑ ስስ አየር በጭስ ስንሻማት ነው የኖርነው። ከወር በኋላ ሃራራው ቀለል አለ፣ ሰዓቶቹ ግን አልለቀቁኝም። ከምሳ በኋላ ያለችው ቡና፣ ድራፍት፣ ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ቆሞ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ሲከቡት። ቡናን በጤና አዳም እየጠጣሁ አለፍኳት፣ ድራፍቱን ሁለት ዓመት ተውኩት፣ ከአውቶቡስ አልወርድም ነበር። አንተን ደግሞ ስልክህን ባለማንሳት። ይኸው ነው እውነቱ፣ አንተን እንደ ድራፍቱ ቆጥሬህ ነው የራቅኩህ። ሰው ከሱስ ሲሸሽ ወንድሙን አብሮ ይጥላል እንዴ? ይቅር በለኝ።

አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። በ2014 ጦርነቱ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ ከተማችን በተፈናቃይ ሞልታ፣ እኔ እማማን ፍለጋ ከመጠለያ መጠለያ ስዞር ውዬ አጣኋቸው። መንገድ ላይ ሱቅ በደረቴ የያዘ ልጅ አይቼ አንድ ፍሬ ገዝቼ እዛው ቆሜ አጨስኩ፣ ስልኩንም አውጥቼ ቁጥርህ ላይ አውራ ጣቴን አድርጌ ነበር። አልደወልኩም። እማማ አዲስ አበባ አንተ ጋ እንደገቡ ከሰው የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሲጃራዋ አትቆጨኝም፣ በማግስቱ ተውኳት። ያን ቀን አለመደወሌ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

አሁን ደህና ነኝ። ዳገቱን ሳላርፍ እወጣለሁ። እኛ የምንቀመጥባት ግሮሰሪ በሯ ላይ ማጨስ ክልክል ነው የሚል ለጥፋለች፣ አዋጁ በ2011 ከወጣ ጀምሮ ቤት ውስጥ አይቻልም፣ ከበርና ከመስኮትም 10 ሜትር መራቅ አለብህ፣ ለነገሩ ሱቅ በደረቴዎቹ አሁንም በፍሬ ይሸጣሉ፣ ከ21 ዓመት በታች አይሸጥም ቢባልም የሚሸጠው ልጅ ራሱ 21 አልሞላውም። ድሮ ዓለም ሁሉ የሚያጨስ ይመስለን ነበር አይደል? በፈረንጆቹ 2016 አገር አቀፍ ጥናት ተደርጎ ትምባሆ የሚጠቀመው ከ100 አዋቂ 5 ያህሉ ብቻ ነበር። አምስቱ ሁሉ እኛ ዙሪያ ተሰብስበው ነበር ማለት ነው።

እና አንተስ? ታጨሳለህ? የቅርቡ ፎቶህ ላይ ከስተሃል፣ ጉንጭህ ገባ ብሏል፣ ወይ ብርሃኑ ነው። ሳል ካለህ ታየው እባክህ፣ ለልጆቹ ስትል አልልህም ያንን ሁሉም ይልሃል፣ ለኔ ስትል ታየው፣ ሰባት ዓመት ካባከንኩ በኋላ ያለህ ያህል ጊዜ ያስፈልገኛል።

ለጥምቀት እናቴ ጠላ ትጠምቃለች፣ አንተን ሁሌ ትጠይቀኛለች፣ "ያ የሮቢቱ ልጅ ምን አድርገኸው ነው" ትለኛለች መልስ የለኝም። ና። እማማንም ይዘሃቸው ና ብርዱን ከቻሉት፣ ጋቢ አለ። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው፣ ዘንድሮ ስትደውል በመጀመሪያው ጥሪ አነሳዋለሁ። በበሬሳ በኩል ወርደን እንቀመጣለን፣ ድንጋያችን እዛው ናት ባለፈው ሳምንት አይቻታለሁ። የምታጨስ ከሆነም አጭስ፣ እንዳትሳቀቅ፣ እኔ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል እቀመጣለሁ።

ወንድምህ
ደብረ ብርሃን