የእግር ደም መልስ ሕክምና ከቁስል በፊት ይድረስ

ለተከበሩ የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ጤና ሚኒስትር
አዲስ አበባ

የተከበሩ ሚኒስትር፣

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ቁስል በሚታጠብበት ክፍል የማገለግል ነርስ ነኝ። የምጽፍልዎት ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል የማይሽር ቁስል ይዘው ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ስለሚመላለሱ ሰዎች ነው። እናጥባለን፣ በፋሻ እንጠቀልላለን፣ ቀጠሮ እንሰጣለን። ቁስሉ ይደርቅና ተመልሶ ይከፈታል፤ ምንጩ ያለው ከቆዳው ሥር ነውና።

የእግር ደም መልስ ደምን ሽቅብ ወደ ልብ የሚያደርሰው በባት ጡንቻ ግፊትና በውስጡ ባሉ ትናንሽ ክዳኖች እርዳታ ነው። ክዳኖቹ ሲላሉ ደሙ ቁልቁል ይመለሳል፤ ሥሩ ያብጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይደድራል፣ በመጨረሻም ይቆስላል። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ፣ ተደጋጋሚ እርግዝናና ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል ያባብሱታል። መምህራን፣ ጸጉር ሠሪዎች፣ ከምጣድ የማይለዩ እንጀራ ጋጋሪዎች ወደ ክፍላችን ይመጣሉ። ከቀይ አፈር ደጋ የመጣ ሰው እግሩ ካበጠ ደግሞ ሳይመረመር ዝሆኔ ነው ተብሎ ይሸኛል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። የደም ሥርን ፍሰት የሚያሳየው አልትራሳውንድ፣ ማለትም ዶፕለር፣ ደሙ ወደ ኋላ መመለሱንና የሚመለስበትን ቦታ ያሳያል።

ሕክምናው ድሮ ሥሩን በቀዶ ሕክምና ነቅሎ ማውጣት ነበር። ዛሬ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ በሥሩ ዙሪያ ማደንዘዣ ይወጋል፤ በሌዘር ጨረር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ሥሩ ከውስጥ ይዘጋል። ደሙ በደህናዎቹ ሥሮች በኩል ይሄዳል፤ ሕመምተኛውም በዚያው ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የብሪታንያ የጤና መመሪያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ያስቀደመ ሲሆን፣ ለማይመቻቸው አረፋ መርፌን፣ ቀዶ ሕክምናን ግን በሦስተኛ ደረጃ ያስቀምጣል።

እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ አረፋው ነው። ፖሊዶካኖልን የመሰለ መድኃኒት ከአየር ጋር በሁለት ሲሪንጅና በአንድ ባለ ሦስት መንገድ መገጣጠሚያ ወዲያና ወዲህ እየተገፋ አረፋ ይሆናል፤ ከዚያ በአልትራሳውንድ እየታየ ወደ ታመመው ሥር ይወጋል። የጨረር ማሽን አይፈልግም። ሥሩ ተመልሶ የመከፈት ዕድሉ በሙቀት ከተዘጋው ይበልጣል፤ አልፎ አልፎም በጥልቅ ሥሮች ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ የሠለጠነ እጅና ክትትል ይጠይቃል። ይህን እያወቅሁ ነው የምለምነው።

ማከሙን ማዘግየት ምን እንደሚያስከፍል በ2018 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ውስጥ 450 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት አሳይቷል። ሁሉም በፋሻ ይታሰሩ ነበር። የታመመው ሥር ቶሎ ከታከመላቸው መካከል ግማሾቹ በ56 ቀን ሲድኑ፣ ሕክምናው ከዘገየባቸው መካከል ግን ግማሾቹ ለመዳን 82 ቀን ፈጅቶባቸዋል። በየዕለቱ ሠርታ ለምታድር እናት ይህ ልዩነት የሳምንታት እንጀራ ነው።

ቆዳ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታዩት ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው የመልክ ጉዳይ ናቸው፤ ለእነርሱ የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ አልልም። የሚያስቆጣኝ ዶፕለር ሳያነሱ «ጨረር» የሚሸጡ ማስታወቂያዎች ናቸው። ማንኛውም የግል ክሊኒክ ሥር ከመዝጋቱ በፊት ምርመራውን እንዲያደርግ በመመሪያ ይታዘዝልን።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን በክልል ሪፈራል ሆስፒታሎች የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞችና የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች በዶፕለርና በአረፋ መርፌ ይሠልጥኑ፤ አገልግሎቱም በተመላላሽ ሕክምና ይሰጥ። መድኃኒቱ በኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የግዢ ዝርዝር ይግባ። ቆዳቸው ለጠቆረና ለቆሰለ ሰዎች ምርመራውም ሕክምናውም በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በግልጽ ይሸፈን። ነርሶችም ፋሻ አጥብቀን ከማሰራችን በፊት ወደ እግር የሚወርደውን ደም ቅዳ ግፊት መለካት እንማር፤ ደም ቅዳው በጠበበ እግር ላይ ጥብቅ ፋሻ ጉዳት ያደርሳልና።

ሥልጠናው የሚጀመርበት ሆስፒታል ሲመረጥ የረጅም ጊዜ ቁስለኞች ቀጠሮ መዝገብ ይታይ፤ መጀመሪያ መታከም ያለባቸው ሰዎች ስም እዚያ ተጽፏል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቁስል እጥበት ክፍል ነርስ