ለ40 ተማሪ አንዲት እንቁራሪት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጎንደር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሰውነት አሠራር ትምህርት፣ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ለተማሪዎች ሙከራ የሚሆነውን እንቁራሪት የምለቅመውም እኔ ነኝ፤ ማታ ማታ ቀሃ ወንዝ ዳር፣ ባትሪና ባልዲ ይዤ።

ባለፈው ጊዜ ለ40 ተማሪ የተገኙት 3 ብቻ ነበሩ። አንዷ ባልዲ ውስጥ ሞታ አደረች። ሁለተኛዋን መርፌ በማጅራቷ አስገብቼ አንጎሏን ላጠፋ ስል እጄ ሳተ። ትንንሽ ጣቶቿ አውራ ጣቴን ጭምቅ አድርገው ይዘው ነበር። ይሄ አይረሳኝም። ሦስተኛዋ ተሳካች። የባቷን ጡንቻ ከነነርቩ አወጣሁ። ሪንገር የምንለውን ጨዋማ ውሃ ጠብ ጠብ አደረግሁበት፤ ከደረቀ አለቀለት። ኤሌክትሪክ ሲነካው ጡንቻው እምር አለ። ያዩት ከፊት የቆሙት ስምንት ልጆች ናቸው። ከኋላ አንዲት ተማሪ በእግር ጣቷ ተንጠራርታ «ጋሼ፣ እባክዎ ይድገሙልን» አለችኝ። ጡንቻው ግን ደክሞ ነበር።

ስትራትክላይድ በተባለው የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ዴምፕስተር የሠሩት፣ በነፃ የሚወርድ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ስክሪኑ ላይ የምናብ አይጥ የደም ግፊትና የልብ ምት ይታያል። አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ስትሰጧት ግፊቷ ሽቅብ ይወጣል። ፌንቶላሚን የተባለውን መድኃኒት አስቀድማችሁ ሰጥታችሁ ያንኑ አድሬናሊን ብትደግሙት ግን ይወርዳል! የደም ሥር የሚያጠበው መንገድ ተዘግቶ የሚያሰፋው ብቻ ስለሚቀር ነው። ይህን በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ግን በልጄ ላፕቶፕ ነው። አራቴ ደጋገምሁት። ማንም አልሞተም።

አሜሪካና ካናዳ ውስጥ የመጨረሻው የሕክምና ትምህርት ቤት በሕይወት ባለ እንስሳ ተማሪ ማሠልጠኑን ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ምን ይዞን ነው?

«እጁ ያልሠራ ሐኪም አይሆንም» የሚሉ መምህራን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስፌት በስክሪን አይለመድም። ለስፌት ግን ከሉካንዳ የበግ አንጀት መግዛት ይቻላል። መብራት ይጠፋል ለሚሉም፣ እንቁራሪቷን የምንነካበት መሣሪያም ያለ መብራት አይሠራም።

ላብራቶሪያችን ጥግ አቧራ የለበሱ 12 ኮምፒውተሮች ተቀምጠዋል። ፕሮግራሙን ልጫንባቸው ብዬ ጠይቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። የሚመለከታችሁ፣ እባካችሁ ተማሪዎቹ ጥቅምት ላይ ሳይገቡ መልሱልኝ።

የላብራቶሪ ቴክኒሻን
ከማራኪ፣ ጎንደር