ወደ ውጭ ለምትጓዙ አባላት፦ የሞባይል ዳታችሁን ከጅማ ሳትነሱ አስተካክሉ

ውድ አባላት፣

ወደ ዱባይና ወደ ጅዳ የምትጓዙ ሁሉ፣ ይህን እዚሁ ቤታችሁ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ጨርሱት። ቦሌ ደርሶ መሯሯጥ አያዋጣም።

መጀመሪያ *#06# ደውሉ። ከአይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) በተጨማሪ 32 አኃዝ ያለው ረጅም ቁጥር ከመጣ ስልኩ ኢ-ሲም (ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) ይቀበላል። ኢ-ሲም ስትገዙ የሚላክላችሁን ኪውአር ኮድ በሌላ ስልክ ክፈቱት ወይም በወረቀት አሳትሙት፤ የስልኩ ካሜራ የራሱን ስክሪን ስካን ማድረግ አይችልም። ኢ-ሲሙን ከጫናችሁት በኋላ ከስልኩ አትሰርዙት፣ ብዙ ጊዜ ኮዱ ዳግመኛ አይሠራም። የጥቅሉ ቀን መቆጠር የሚጀምረው ሲጫን ነው ወይስ እዚያ ኔትወርክ ሲያገኝ የሚለውንም ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሮሚንግ (ሲሙን በውጭ አገር ኔትወርክ መጠቀም) ላይ ነው። በኢትዮጵያው ሲም ዳታ ሮሚንግ ይዘጋ፤ በኢ-ሲሙ ግን ይከፈት፣ አለዚያ ኔትወርክ እያሳየ ኢንተርኔት አይሰጥም። አይፎን ላይ ዳታ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በራሱ እንዲቀይር የሚፈቅደውንም አጥፉ። ሳይታወቅ ሂሳብ የሚበላው እሱ ነው።

የኢትዮጵያውን ሲም አታውጡት፤ የባንክ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው። ለዚህም የሮሚንግ አገልግሎቱን (ዳታውን ሳይሆን መልእክት የሚቀበለውን) ከመሄዳችሁ በፊት አስከፍቱ። ዋትስአፕ ቁጥር ልቀይር ካላችሁ እምቢ በሉ፣ በ251 ቁጥራችሁ ይቀጥላል። ዱባይ ላይ የዋትስአፕ ጥሪ በአብዛኛው ስለማይሠራ በድምፅ መልእክት ተጠቀሙ (የጅማ ሰው ሰላምታው ረጅም ነውና ዳታውን እያያችሁ)። የቴሌግራምን ራስ-ሰር ማውረድና የፎቶ ባካፕንም ዝጉ።