የአርባ ቤት ደስታና የአንዲት ሴት ጌሾ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን።

ባለፈው በስልክ «ዩቲሊታሪያኒዝም የሚሉት ትምህርት የጥቅመኞች ፍልስፍና አይደለም ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ በችኮላ መመለስ ስላልወደድሁ፣ ተቀምጬ መጻፍን መረጥሁ። ስሕተቱ ያንቺ ሳይሆን የትርጉሙ ነው። ቃሉ በአማርኛ «ጥቅማዊነት» ሲባል ጆሯችን ጥቅመኛን ይሰማል፤ ጥቅመኛ ደግሞ በእኛ አገር ከራሱ ኪስ ሌላ የማይታየው ሰው ነው። ትምህርቱና ይህ ሰው ግን ሆድና ጀርባ ናቸው።

የዚህ ትምህርት አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድ ሥራ ደግ ወይም ክፉ የሚባለው በሚያመጣው ደስታና ሥቃይ ተመዝኖ እንደሆነ፣ በሚዛኑም ሥራው የሚነካቸው ሁሉ መግባት እንዳለባቸው አስተማረ። በዚህ ቆጠራ ባለሥልጣኑ አንድ፣ እረኛው አንድ፣ ቆጣሪው ራሱም አንድ ነው፤ ልጄ ስለሆንሽ ብቻ ያንቺ ደስታ ከጎረቤት ልጅ ደስታ አይበልጥም። (ይህን ለእናትሽ ባነብላት «እሱ ሰውዬ ልጅ አልወለደም መሰል» አለችኝ፤ እውነትም አልወለደም።) እንስሳትንም ቢሆን አልተዋቸውም፤ መጠየቅ ያለበት ማሰብ ወይም መናገር መቻላቸው ሳይሆን መሠቃየት መቻላቸው ነው ብሏል። ቅዳሜ ገበያ እግራቸው ታስሮ ቁልቁል የተንጠለጠሉ ዶሮዎችን ባየሁ ቁጥር ይህ ቃሉ ትዝ ይለኛል። ከእሱ በኋላ ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1861 ባወጣው ጽሑፉ፣ ደስታ በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በዓይነቱም እንደሚለያይ ጨመረበት።

የትምህርቱን ክብደት የተረዳሁት ግን ከመጽሐፍ አይደለም። ከሁለት ክረምት በፊት ጎርፍ ሰፈራችንን እያጥለቀለቀ ቢያስቸግር፣ ውኃው ወደ ቀሃ ወንዝ የሚወርድበት ቦይ እንዲቆፈር ዕድሩ ተሰብስቦ መከረ። በመንገዱ ዳር ማዞር ብዙ ድንጋይና ገንዘብ ይጠይቃል፤ አጭሩ መንገድ ደግሞ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን ባሳደገች አንዲት ሴት ጓሮ በኩል ያልፋል። እኔ ተነሥቼ «አርባ ቤት ይድናል፤ የሚጎዳው አንድ ጓሮ ነው» አልሁ። እጅ ወጣ፤ ቦዩም ተቆፈረ፤ ጎርፉም ቆመ።

በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ሴትዮዋ ከተነቀለው የጌሾ ግንድ አጠገብ ተቀምጣ፣ ቅጠሉ ሳይበላሽባት እየሸመጠጠች ሰፌድ ላይ ስታሰጣ አገኘኋት። «እናንተ ተማከራችሁ፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

ቤንታም በስብሰባው ቢገኝ ኖሮ መጀመሪያ የሚወቅሰው እኔን ይመስለኛል፤ እሱ ሥቃይ ሲመዘን ምን ያህል እንደሚያም፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ምን ሌላ ሥቃይ እንደሚወልድ ይታይ ብሎ ነበርና። እኔ ቤት ቈጠርሁ እንጂ የአንድን ቤት እንጀራ አልመዘንሁም፤ ከእንግዲህ «ነገ ደግሞ የእኔ ጓሮ ነው» የሚለውን የየድኻውን ሥጋትም ረስቼዋለሁ። ይህ ጉድለት በራሱ በትምህርቱ ሚዛን ይታረማል።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቀኝም። ቆጠራው ሁሉ ትክክል ቢሆንስ፣ ለብዙዎች ተብሎ በአንድ ሰው ላይ ሊደረግ የማይገባ ነገር የለም ወይ? ቤንታም የተፈጥሮ መብት የሚለውን አነጋገር ከንቱ ብሎ አጣጥሎታል፤ ሚልም ፍትሕን ራሷን በጥቅም ላይ ሊያቆማት ደክሟል፤ እኔን ግን አላሳመነኝም። ሴትዮዋ የጠየቀችኝ «ለምን ጎዳችሁኝ?» ብላ ሳይሆን «ማን ጠየቀኝ?» ብላ ነበር፤ ይህን ጥያቄ የምጽፍበት ዓምድ በቆጠራው ውስጥ አላገኘሁም።

ከየቤቱ ገንዘብ አዋጥተን ወሰድንላት፤ መጀመሪያ መልሳብን ነበር፣ ሁለተኛ ሽማግሌ ስንልክ ተቀበለች። በአጥሯ ጥግ የተከለችው አዲሱ ጌሾ ለቅጠል እስኪደርስ ድረስ እናትሽ ከእኛ ጓሮ ትወስድላታለች።

አባትሽ
ጎንደር