የሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ቃላቱን የጻፈው ማን ነው?

ክበባችን እንደ ልማዱ በየወሩ አንድ ደራሲ ከመቀያየር ይልቅ፣ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰው ሥራዎች ጋር ለመቆየት ወስኖ ነበር። ሐሳቡ የመጣው ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አያቷ በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት ያዩዋቸውን የህንድ ፊልሞች ዜማ ዛሬም እንደሚያንጎራጉሩ ነገረችንና “ለመሆኑ ቃላቱን የጻፈው ማን ነው?” ስትል ጠየቀች። የተዋንያኑን ስም የጠሩ ነበሩ፤ የገጣሚ ስም የጠራ ግን፣ እኔን ጨምሮ፣ አልተገኘም። በሚቀጥለው ስብሰባ ሳሂር ሉዲያንቪን ይዤላቸው መጣሁ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በሕይወት ታሪኩ አለፈ። ገጣሚው እ.ኤ.አ. በ1921 በፑንጃብ፣ በሉዲያና ከተማ ሲወለድ የወጣለት ስም አብዱል ሃዪ ነበር፤ “ሳሂር” አስማተኛ ማለት ሲሆን “ሉዲያንቪ” ደግሞ የትውልድ ከተማውን ይጠቁማል። አባቱ ባለርስት ነበሩ። እናቱ ግን ያንን የሞላ ቤት ትተው ወጡ፤ አባትየው ልጁን ለመውሰድ ቢከራከሩም እናትየው ለልጃቸው ሲሉ ችግሩን መረጡ። አባሎቻችን እዚህ ላይ ብዙ ቆዩ፤ ይህ ልጅ በ1958 ለወጣው “ሳድና” ፊልም፣ ሴት የወለደችው ወንድ መልሶ እርሷን ለገበያ እንዳወጣት የሚናገር ዘፈን መጻፉን ሲሰሙ፣ ሁለቱን ለማያያዝ የእኔ እርዳታ አላስፈለጋቸውም።

ሳሂር ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ፣ ርእሱ ምሬትን የሚያመለክተውን “ታልኺያን” የተባለ የግጥም መድበል አሳትሞ በኡርዱ አንባቢዎች ዘንድ ታወቀ። ከህንድና ፓኪስታን መከፈል በኋላ በላሆር መጽሔት ሲያዘጋጅ፣ ጽሑፎቹ የእስር ማዘዣ ስላስወጡበት በ1949 ወደ ህንድ ተሻገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ቦምቤይ ገብቶ በ1951 ከዜማ ደራሲው ኤስ ዲ በርማን ጋር በሠራቸው ዘፈኖች በፊልሙ ዓለም ስም አገኘ።

የዓመቱ ዋና ሥራ በጉሩ ደት ዳይሬክተርነት በ1957 የወጣው “ፕያሳ” ፊልም ነበር። የምናየው ቀን መብራት እኩሌታው ላይ ስለጠፋ ቀሪውን ለማየት ሳምንት ጠብቀናል። በፊልሙ ውስጥ ባለታሪኩ በሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር እያለፈ የሚያዜመው ግጥም ቀድሞ በመድበሉ ውስጥ የነበረ ነው። በመድበሉ ውስጥ አዝማቹ ከፋርስና ከዐረብኛ በመጡ ከባድ ቃላት “የምሥራቅን ቅድስና የሚያወድሱት የት አሉ?” ብሎ ይጠይቃል፤ ለፊልሙ ሲቀየር ግን ማንም በሚረዳው ቋንቋ “በህንድ የሚኮሩት የት አሉ?” ሆነ። ገሚሶቹ አባላት “ግጥሙ ለገበያ ሲባል ረከሰ” ሲሉ ተከራከሩ። እኔ ግን ከሌሎቹ ጋር ነኝ፤ “ምሥራቅ” ሲባል ማንም በግሉ አይጠየቅም፤ ነፃነት በተገኘ በ10 ዓመቱ “ህንድ” ሲባል ግን ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ተመልካች ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል።

ክርክሩን በሥራ ለመፈተን እያንዳንዱ አባል የራሱን አንድ ግጥም፣ የግእዝ ቃላቱን ቀንሶ፣ እንዲዜም አድርጎ እንዲጽፍ ጠየቅሁ። አብዛኞቹ ቃሉን ሲያቀልሉ ሐሳቡንም አብረው አቀለሉት። ተሳክቶላቸዋል የምላቸው ሦስት ብቻ ናቸው።

ከ“ፕያሳ” በኋላ ሳሂርና በርማን፣ ለስኬቱ ምስጋናው የማን ነው በሚል ተቃቅረው ዳግመኛ አብረው አልሠሩም። ሳሂር ከዘፋኟ ከላታ ማንጌሽካር አንድ ሩፒ አብልጦ እንዲከፈለው ይጠይቅ እንደነበረም ይነገራል። የህንድ ሬዲዮ ከዘፋኙና ከዜማ ደራሲው ጋር የገጣሚውንም ስም እንዲጠራ በመታገሉም ይታወሳል። በ1971 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የመንግሥት ሽልማት ተቀብሎ በ1980 በ59 ዓመቱ አረፈ።

የሬዲዮው ነገር አባሎቻችንን ሳያሳርፋቸው ቀረ። ከሚያዝያ ጀምሮ፣ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት ዘፈን በሚያሰማበት ጊዜ የግጥም ደራሲውን ስም አስቀድሞ እንዲጠራ አስፈቅደው፣ ስሙን ፈልጎ የማቅረቡን ኃላፊነት ራሳቸው ወሰዱ። ሰኔ ላይ መዝገባቸውን ሳየው፣ ከተሰሙት 64 የአማርኛ ዘፈኖች በ19ኙ አንጻር የስም ቦታው ባዶ ነበር። በእረፍቱ ወራት ዘመዶቻቸውን እየጠየቁ ለመሙላት ተከፋፍለውታል።