አሞራ ገደልም ይሳላል

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ስለ ሰዓሊዎች የምታወጡትን እከታተላለሁ፣ ደስ ይላል፣ ግን ሁሌ ጋለሪ ሁሌ አዲስ አበባ፣ ካልሆነም ላሊበላና ጎንደር ነው። እዚህ ሀዋሳ አሞራ ገደል ዓሳ ገበያው ጋ ጠዋት ጠዋት ቁጭ ብሎ በእርሳስ የሚስል አንድ ልጅ አለ። ሰው ሀይቁን የሚስል ይመስለዋል (ጀልባ ምናምን፣ የፖስትካርድ ነገር)፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ቆሮሶ ዓሳ የሚበልተው ሰውዬ ክንድ ነው፣ ቅርፊቱ እስከ ክርኑ ተለጣጥፎበት፣ ከጎኑ ደሞ አባ ኮዳው ትከሻውን ሰብስቦ አንጀቱ እስኪወረወርለት ይጠብቃል፣ ያ መላጣ ወፍ እንዲህ ያምራል ያለ ማን ነው!

አዲስ ነገርም አይደለም እኮ። ታደሰ መስፍን፣ አለ ፈለገሰላም የስነጥበብ ት/ቤት ስንቱን ያስተማረ ሰዓሊ፣ ገበያ ላይ የሚቸረችሩ ሴቶችን ነው ትልልቅ ሸራ ላይ ያቆማቸው፣ ስራው ለንደን ድረስ ታይቷል። እኛ ጉሊት ጋ ስናልፍ ከዋጋ በቀር የምናየው የለም፣ በርግጥ የዘንድሮ የሽንኩርት ዋጋ ሌላ ነገር ለማየትም ፋታ አይሰጥም 😂

እና የምለምናችሁ፣ ሰፈራቸውን፣ ባጃጅ ተራውን፣ ጀበና ቡናዋን ለሚስሉ የክልል ልጆች አንዳንዴ እንኳን አንድ ገፅ ልቀቁላቸው። መጀመሪያ ግን ልጁን አስፈቅዱት። ፎቶ አንሺ ከላካችሁም በጠዋት ይምጣ፣ ከረፈደ ጀልባዎቹ የያዙትን አራግፈው ጨርሰው ሰልፊ የሚነሳ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው።

አንባቢያችሁ ከሀዋሳ