ለልጆች የንባብ ቡድን አባላት በሙሉ

የተከበራችሁ አባላት፣

በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ ስንገናኝ ለልጆቻችን የምናነብላቸው፣ በኬንያ ያደገችው ተዋናይት ሉፒታ ኒዮንጎ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችውን «ሱልዌ» የተባለ የሥዕል መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ ተራው የደረሳችሁ አንባቢዎች በአማርኛ መተረክን አስቀድማችሁ እንድትለማመዱ እንጠይቃለን። ከቤተሰቧ ሁሉ የጠቆረችው ሕፃን የቆዳዋን ቀለም በላጲስ ለማጥፋት የምትሞክርበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ግን አትቸኩሉ፤ «ቀይዋ» እየተባለች ከምትሞገስ እህቷ አጠገብ «ጥቁሯ» እየተባለች የምትጠራ ልጅ በየቤታችን ስላለች፣ ልጆቹ ራሳቸው እስኪናገሩ መጠበቅ ይገባል። ስለ ሹሩባና ጎፈሬ የሚተርኩ የአማርኛ የሥዕል መጻሕፍት ያሏችሁም ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል፤ «ከርዳዳ» እያለ በፀጉር የሚያሾፈውን መጽሐፍ ግን፣ በእኔ እምነት፣ እቤት ብትተዉት ይሻላል።